ከብሪስቶል የመጣው ክር

ብሪስቶል፣ እንግሊዝ
ማርች 3 ቀን 1800

ለተከበሩ የአጎቴ ልጅ ለጋሼ አሣሄል ስታድሊ፣

ይህ ወረቀት እርስዎንም፣ እትዬ ሕልዳናንም፣ ፊቷን ያላየኋትን የልጅ ልጃችሁን ቃስያንም በሙሉ ጤና እንዲያገኛችሁ ጸሎቴ ነው። ዝም ያልኩት ረስቼ አይደለም፤ ክረምቱን ሙሉ ነፋሱ መርከቦቹን ከወደብ አላስወጣ ብሎ ነው። እኔ ጉልበቴን ከሚቆረጥመኝ በቀር ደህና ነኝ። የመድኃኒት ሱቄ ወደቡ አፍ ላይ ስለሆነ በሽተኛ አላጣም፤ መርከበኛ የማይታመመው በሽታ የለም።

ዛሬ የምጽፍልዎ ስለ አንድ አዲስ ነገር ነው። እዚህ አጠገባችን ባለው አገር ላም በሚያልቡ ሰዎች እጅ ላይ ከላሟ ጡት የሚጋባ አንድ ቁስል አለ። ያ ቁስል አንዴ የወጣበት ሰው ፈንጣጣ አይዘውም። አሁን ሐኪሞቹ የዚያን ቁስል ፈሳሽ በምላጭ ጫፍ ከአንዱ ክንድ ወደ ሌላው ክንድ ያሻግሩታል። እርስዎና እኔ ስናደርገው እንደኖርነው ፈንጣጣውን ራሱን መክተብ፣ ሰውን ለብቻው ቤት አስተኝቶ ይሞት ይሆን ይድን ይሆን ብሎ መጠበቅ ሊቀር ነው። የላሟ ፈሳሽ የነካው ሰው በማግስቱ ሥራውን ይሠራል፤ ለጎረቤቱም አያጋባም። በዐይኔ ስላየሁት ነው የምጽፈው።

ፈቃድዎ ከሆነ ክር በፈሳሹ ነክሬ፣ በሁለት መስተዋት መካከል አድርጌ፣ በሰም አሽጌ እልክልዎታለሁ። እርስዎ ባሉበት አገር ከመጀመሪያዎቹ ሰዎች አንዱ ይሆናሉ።

የአጎታችን የአብድዩ ቤት ጣሪያ እንዴት ሆነ? በምሥራቅ በኩል ያለችው ፒር ዛፍ አሁንም ታፈራለች? እንዲያው ለማወቅ ያህል ነው የምጠይቀው።

አክባሪዎ፣
ልሙኤል


ሱኮት፣ ኮኔቲከት፣ አሜሪካ
ጁን 12 ቀን 1800

ለልሙኤል ስታድሊ፣

ሰላም ላንተ ይሁን። በሰው አገር እግዚአብሔር ያጽናህ እንዳልል፣ በነጻነቱ ጦርነት ለእንግሊዝ ንጉሥ አድልተህ የሄድከው በገዛ እግርህ ነው፤ ቢሆንም ጤና ይስጥህ። እኛ ሁላችን ደህና ነን። ቃስያ ስምንት ዓመቷን ይዛለች፤ እናቷ ከሞተች ወዲህ ከሕልዳና ቀሚስ ተነጥላ አታውቅም።

የላሟን ነገር አነበብኩት። ሕልዳና ጮክ ብላ አነበበችልኝ፤ ዐይኔ የደቀቀ ጽሕፈት አልሆንልህ ብሎኛል። አንተ ሰው፣ አጎታችን ካስተማረህ በኋላ ከላም ጡት ሥር ገብተህ መድኃኒት ትፈልጋለህ ብዬ አላሰብኩም ነበር። እግዚአብሔር ሰውን ለብቻ፣ ከብትን ለብቻ ፈጠረ። እኔ ኮረብታው ላይ ባለው የክትባት ቤቴ አርባ ዓመት ሰው ስከትብ የሞተብኝ በጣት የሚቆጠር ነው። ሕዝቡ ፍራሹን ተሸክሞ ይመጣል፣ ይታመማል፣ ይድናል፣ ይሄዳል። ይህን የሠራሁት ደግሞ ማንም አስተምሮኝ አይደለም። አብድዩ አንተን በጎኑ አስቀምጦ ያስተማረህ ጊዜ እኔን ፈረሱን ነበር የሚያስጠብቀኝ። መጻሕፍቱን ያነበብኩት እሱ በሽተኛ ሊያይ ሲወጣ ነው። የምላጭ ማኅደሩን ለማን እንደሰጠው ታውቃለህ። ማሳሰብ አያስፈልገኝም።

ክርህ ይቅርብኝ።

ሌላው ወሬ፣ ዋርሃም ፊስክ የሚባል ልጅ ፊላደልፊያ ተምሬ መጣሁ ብሎ ሰባኪያችን ቤት ተከራይቷል። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። ጓንት ያደርጋል። በሽተኛዋን ምላስሽን አውጪ ከማለቱ በፊት ስለ ዶሮዎቿ ይጠይቃታል አሉ፤ ሴቶቹም ዶሮዎቹን የሚያክም ይመስል በደስታ ይመልሱለታል። የምስክር ወረቀቱን በመስተዋት አስገብቶ ግድግዳ ላይ ሰቅሎታል። ዶክተር ይሉታል። እኔን ‘ሽማግሌው’ ይሉኛል።

ጣሪያው ደህና ነው። ፒሯም አለች።

አሣሄል


ሱኮት፣ ኖቬምበር 2 ቀን 1800

ለልሙኤል፣

ጤና ላንተ ይሁን። ለጁኑ ደብዳቤዬ መልስህን ሳልጠብቅ የምጽፈው ነገሩ ስለጠናብኝ ነው።

ያ ልጅ ፊስክ የላሟን ፈሳሽ አምጥቷል። ከባሕር ማዶ ተላከልኝ ይላል፤ ከማን እንደሆነ ሲጠየቅ አንድ ወዳጄ ብሎ ያልፋል። የሰባኪውን አምስት ልጆች ከተበ። ከዚያ ወፍጮ ቤቱን፣ ከዚያ አንጥረኛውን። በዚህ መከር ኮረብታው ላይ የመጣልኝ ሰው ስንት እንደሆነ አልጽፍልህም። አልጋዎቹ ቆመዋል፣ ማንም የለባቸውም።

በርሜል ሠሪውን ኤቤኔዘር ፔክን ታስታውሰዋለህ፤ ልጅ ሳለ ክንዱ ሲሰበር አጎታችን ሲያስረው አንተ ነህ የያዝክለት። ወፍጮ ቤት አገኘሁትና የምላጬን ነገር ረሳችሁት ወይ አልኩት። ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ‘ሽማግሌው፣ አንተ ጋ ሦስት ሳምንት ተኝተን ፊታችን ወንፊት ሆኖ ነው የምንወጣው፤ እሱ ጋ በአንዲት ብጉር ተገላገልን’ አለኝ። የወፍጮው ውሃ እንኳ የሳቀብኝ መሰለኝ።

ስለዚህ ክሩን ላክልኝ። ከሱ የበለጠ ትኩስ አድርገህ ላክ። ይህንንም አደራ እልሃለሁ፤ በዚህ በእኛ ማዶ ለሌላ ለማንም፣ ለማንም እንዳትሰጥ። እኔ ያንተ ሥጋ ነኝ። ሌላው ሰው በወዳጁ ይኩራ።

ሕልዳና ሰላም ትልሃለች። ፒሯ ዘንድሮ አላፈራችም። የጠየቅከኝ ስለሆነ ነው።

አሣሄል


ብሪስቶል፣ ጃንዋሪ 20 ቀን 1801

ለተከበሩ ለጋሼ አሣሄል፣

ሁለቱም ደብዳቤዎችዎ ደረሱኝ፣ የጁኑ ኦገስት ላይ፣ የኖቬምበሩ ደግሞ አሁን፤ እናንተ ደህና በመሆናችሁ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ። ክሩ ከዚህ ጋር አለ። ፀሐይ አያግኘው፣ ምድጃ አጠገብ አይቀመጥ። ሙቀት ከነካው ይሞታል፤ የሞተ ክር ደግሞ ከባዶ ክር ይከፋል፣ ለምን እንደሆነ እነግርዎታለሁ።

በቅድሚያ ግን ልደብቅዎ የማይገባኝ ነገር አለ። የዶክተር ፊስክ ወዳጅ እኔ ነኝ። ባለፈው ሜይ ጽፎልኝ ነበር። በእርስዎ በኩል ሊጠይቀኝ ፈልጎ ደጃፍዎ ድረስ መጥቶ ‘የላም’ የሚለውን ቃል እንደጀመረ በሩን እንደዘጉበት አጫወተኝ። የእርስዎ እምቢታ ሲደርሰኝ በእጄ የነበረውን ለሱ ላክሁለት። ክፉ ያደረግሁ አልመሰለኝም፤ ልጆቹ የከተማው ልጆች ናቸው፣ ቃስያ የምትጫወተው ከነሱ ጋር ነው።

እንግዲህ ይህን በደንብ ያድምጡኝ። እውነተኛው ሲይዝ መጀመሪያ ምንም አይታይም፤ ያልሠራ ይመስላል። በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ቀን ትንሽ ብጉር ትወጣለች። በስምንተኛው ቀን ክብ፣ መሐሏ ጎድጎድ ያለ፣ የጠራ ውሃ የቋጠረች ትሆናለች፣ ከዚያ ዙሪያዋ ይቀላል። ሐሰተኛው ግን ይቸኩላል። በማግስቱ ያብጣል፣ ወዲያው መግል ይይዛል፣ ይፈርጣል። እንዲያ የሆነበት ሰው አልተከተበም። የተከተበ ይመስለዋል እንጂ አልተከተበም፤ ከባዶ ክር ይከፋል ያልኩት ለዚህ ነው።

ክሩ በመንገድ ሞቶ ቢገኝ ከፊስክ በሽተኛ ክንድ ይውሰዱ። ይህን ስል የሚሰማዎት ይገባኛል። ቅናት ምን እንደሆነ ለእኔ ማስረዳት አያስፈልግም። በአጎታችን ቤት ደጃፍ እርስዎ በየማታው ተቀምጠው ኮረብታውን ያያሉ፤ እኔ እዚህ የመርከብ ዝፍት እያሸተትኩ ያንን ደጃፍ ሃያ አምስት ዓመት ስመኝ ኖሬአለሁ። እርስዎ የምላጭ ማኅደሩን ይቆጥሩብኛል፤ እኔ ቤቱን ቆጥሬብዎታለሁ። ሁለታችንም ሸምግለናል፤ ልጆቹ ግን አልሸመገሉም።

አክባሪዎ፣
ልሙኤል


ሱኮት፣ ኤፕሪል 28 ቀን 1801

ለልሙኤል፣

ሰላም ላንተ ይሁን፤ ከዚህ የበለጠ ምርቃት ዛሬ ከአፌ አይወጣም።

ለባዕድ ልጅ ሰጥተህ ለእኔ ሁለተኛ ላክህ። ይኸው ነው የሠራኸው። በአጎታችን ቤትም እንደዚሁ ነበር፤ ገበታው ሲነሣ ነበር የእኔ ድርሻ የሚመጣው። ሕልዳና ደብዳቤህን ስታነብ ስለ ሐሰተኛው የጻፍከው ቦታ ላይ ስትደርስ ቆማ ደገመችው። ‘ሰማህ?’ አለችኝ። ‘ሰምቻለሁ፣ ቀጥይ’ አልኳት።

አሁን የእኔን ስማ። ክርህን በቃስያ ግራ ክንድ ላይ አደረግሁት። በማግስቱ ቀላ፣ በሁለተኛው ቀን መግል ያዘ። ወፍራም፣ ቢጫ፣ ጥሩ መግል። ሕልዳና አየችው፣ የልጅቱን እጅጌ መለሰች። እኔ መግል ሳይ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ መግል ያልያዘ ቁስል ሥራ አልሠራም። የፊስክ በሽተኞች ግን አራት ቀን ምንም አይታይባቸውም፣ ከዚያ ውሃ የመሰለች ብጉር ይዘው ይዞራሉ። የአንተ ስምንተኛ ቀን የሱ ትምህርት ነው ወይስ የሱ ትምህርት ያንተ? እኔ በሁለት ቀን የምሠራውን እሱ በስምንት ቀን ይሠራል፤ ከተማውም ቀርፋፋውን ዶክተር ይለዋል።

ሰምቶ መጣ። ደጃፍ ላይ ባርኔጣውን አውልቆ ‘ዶክተር ስታድሊ፣ ከፈቀዱልኝ የልጅቱን ክንድ ልየው?’ አለኝ። የራስህን ክንድ እይ አልኩት። ‘ይህ ትክክለኛው ባይሆንስ? ከእኔ በሽተኛ አዲስ ፈሳሽ ላምጣልዎት’ አለ። ‘ቅናት ይዞሃል፣ ልጄ’ አልኩት፤ ‘ሂድና ውሃ ጠጣበት።’ ፊቱ ቀላ፣ ሄደ። ያን ቀን እራቴን በደስታ በላሁ።

ለከተማው ሹማምንት ጽፌአለሁ። ጁን ላይ ከማዶ መንደር በድሮው መንገድ እንከተብ የሚሉ ሰዎች ኮረብታው ላይ ይገባሉ። ቃስያን ፈንጣጣው በወጣባቸው ሰዎች መሐል፣ በአልጋቸው ላይ አስተኛታለሁ። ሹማምንቱ ይመሰክራሉ። እሷ ንጹሕ ሆና ስትወጣ የማን ክር እንደሚበልጥ ይታያል። የላክኸውም አንተ ስለሆንክ ክብሩን ልታካፍለኝ ትችላለህ። ከፊስክ ጋር ግን አይደለም።

አሣሄል


ብሪስቶል፣ ጁን 15 ቀን 1801

ጋሼ አሣሄል፣

ሰላምታዬን አሳጥሬ እጽፋለሁ፤ መርከቡ ዛሬ ይነሣል።

ልጅቱን አያስገቧት። በሁለተኛው ቀን መግል የያዘው ሐሰተኛው ነው። ክሩ በመንገድ ሞቷል፤ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ የመርከቡ ነው፣ የሙቀቱ ነው፣ የማንም ነው ብለው ይያዙት፣ ግን ቃስያን አያስገቧት። ምንም መከላከያ የላትም። በዚያው ክር የከተቧቸው ሌሎች ካሉ እነሱም የላቸውም።

ይህ ወረቀት ከመድረሱ በፊት ጁን እንደሚያልፍ አውቃለሁ። አውቄም እጽፋለሁ። እጄን አጥፌ መቀመጥ አልቻልኩም። እትዬ ሕልዳና፣ ይህን የሚያነቡት እርስዎ ስለሆኑ፣ እባክዎ፣ ገና ከሆነ ይከልክሉ።

ልሙኤል


ሱኮት፣ ጁላይ 3 ቀን 1801

ለልሙኤል፣

ሰላም ላንተ፣ ጤናም፣ የእድሜም ርዝመት ይሁንልህ። ዛሬ ምርቃት አልነፍግህም።

ቃስያ ወጣች። ፈንጣጣ ከወጣባት ሴት ጋር በአንድ አልጋ ተኛች፣ በአንድ ማንኪያ በላች። ከሹማምንቱ አንዱ በመስኮት ቆሞ ሲያይ ምርር ብሎ አለቀሰ። ሕልዳና አላለቀሰችም፤ የልጅቱን ሸሚዝ የምታለብስም የምታወልቅም እሷ ነበረች፣ ሌላ ሰው አላስነካችም። ሁለት ሳምንት አስቆየኋት፣ ከዚያም በላይ ጠበቅሁ። አንዲት ነጥብ ሽፍታ አልወጣባትም። ስትወጣ ያለችው ‘አያቴ፣ ማር ቃል ገብተህልኝ ነበር’ ነው።

ፊስክ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። አንድ ቃል አልተነፈሰም። አንገቱን ደፍቶ ሄደ።

ሰው መጣ፣ ልሙኤል። ደጃፌ ላይ እንደ ድሮው ጋሪ ቆመ። ኤቤኔዘር ፔክ ሳይቀር ትልቋን ልጁን ፔሸንስን ይዞ መጥቶ ‘ሽማግሌው፣ ያኔ ወፍጮ ቤት ያልኩህን እርሳው’ አለኝ። አልረሳሁም፣ ልጁን ግን ከተብኩለት። በቃስያ ጊዜ ነክሬ ያስቀመጥኩት ክር አለ፤ ከዚያ ከክንድ ወደ ክንድ እያሻገርኩ ነው። ሁሉም በሁለት ቀን መግል ይይዛል። ፊስክ ግን ቤት ለቤት እየዞረ ‘የስታድሊ ክር ትክክል አይደለም፣ ልጆቻችሁን አምጡልኝ፣ ያለ ክፍያ እከትባለሁ’ ይላል። ከተማው ይስቅበታል። ቀንቶ ነው ይሉታል። አዎ፣ ቀንቶ ነው፤ እኔ በሽታውን ካየሁት አውቀዋለሁ።

ነገ የአገራችን የነጻነት በዓል ነው። ከፊት ወንበር እንድቀመጥ ጠይቀውኛል። በሠላሳ ዓመቴ ጠይቀውኝ ቢሆን ኖሮ እንዴት በኮራሁ። ግን ዛሬም እቀመጣለሁ።

አሣሄል


ሱኮት፣ ኦክቶበር 19 ቀን 1801

ለልሙኤል፣

ሰላም ላንተ ይሁን፣ ጉልበትህንም እግዚአብሔር ያሽልልህ። ጁን ላይ የጻፍከው ኦገስት ላይ ደረሰኝ። ሕልዳና ስታነብልኝ ሳቅሁ፤ እሷ አልሳቀችም። የሆነውን እንደሆነው እጽፍልሃለሁ። ከፊስክ ከምትሰማው ከእኔ ስማው።

ሴፕቴምበር ላይ ከባሕሩ ዳር የመጣ ቆርቆሮ ሻጭ ፔክ ሥራ ቤት አድሮ ትኩሳት ይዞት ሄደ። ከዚያ ፔክ ጠራኝ። ፔሸንስ ተኝታ ነበር፤ ሽፍታው ግንባሯ ላይ ወጥቷል። ‘ከሙቀት የመጣ ነው በለኝ’ አለኝ ፔክ። አላልኩትም። ‘ከተበሃታል እኮ። መግል ይዟል ብለህ አሳየኸኝ እኮ’ አለኝ። ልጅቷ በሕይወት አለች። ፊቷን ግን ድሮ የሚያውቃት ሰው ቢያየው አይለያትም፤ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው።

ወደ ቤት መጣሁና ቃስያን ጠራኋት። ያው አንድ ክር ነው፤ አንዷን ጠብቆ ሌላዋን እንዴት ይጥላል? የግራ ክንዷን ይዤ ጠባሳዋን አየሁ፤ የተጨማደደ፣ ቅርጽ የሌለው ነው። ሕልዳና ለክረምት የሚደርቅ ፖም እየላጠች ነበር። ቢላዋዋን አስቀመጠች።

‘ሌላውን ክንዷን እይ’ አለችኝ።

እጅጌዋን እስከ ትከሻዋ ሰበሰብኩት። ክብ፣ ጎድጎድ ያለ፣ በጣት የተጫኑት ሰም የመሰለ ጠባሳ ነበር። የማን ሥራ እንደሆነ አልጠየቅሁም።

‘መቼ?’ አልኳት።

‘ሜይ ላይ። ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ ያነበብኩልህ እኔ ነኝ። ያልሰማህ አንተ ነህ።’

‘ለምን አልነገርሽኝም?’

‘ብነግርህ ፈተናውን ትተወው ነበር? የሌላ ሰው ልጅ ፈልገህ ታስገባ ነበር እንጂ።’

ይህን ለመካድ አፌን ከፈትኩ፤ አልካድኩም። የሌሎቹስ ልጆች አልኳት።

‘በየጠዋቱ ዛሬ እነግረዋለሁ እያልኩ እነሣለሁ። ከዚያ ደጃፍ ላይ ጋሪ ይቆማል፣ ፊትህን አያለሁ። እንደዚያ ሆነህ አይቼህ አላውቅም፣ አሣሄል። ከተጋባን ጀምሮ። አልቻልኩም።’ ቢላዋዋን አንሥታ መላጧን ቀጠለች፤ እጇ ግን ልጣጩንም ፖሙንም አንድ ላይ ይቆርጥ ነበር።

ፊስክ በሩ ላይ ዝም ያለው ለዚህ ነው። ለሕልዳና ቃል ገብቶላት ነበር። ከተማው ሁሉ ሲስቅበት ‘ልጅቱን የከተብኳት እኔ ነኝ’ ብሎ አንዲት ቃል ቢተነፍስ እኔ በዚያው ቀን አልቄ ነበር። አልተነፈሰም። እኔ በሱ ቦታ ብሆን ከኮረብታው ላይ ሆኜ እጮህ ነበር፤ ይህንንም ሌት ተቀን አስቤዋለሁ፤ ማሰቡ ለእሱ ያለኝን ነገር አላቀለለውም።

በሚቀጥለው እሑድ ስብከቱ ሲያልቅ ተነሣሁ። ‘ቃስያ የተጠበቀችው በዶክተር ፊስክ እጅ ነው’ አልኩ። ‘እኔ የከተብኳችሁ ሁሉ አልተከተባችሁም። ነገ እሱ ጋ ሂዱ።’ ተቀመጥኩ። ከዚያ በላይ አልተናገርኩም፤ ሰባኪው ሊጸልይልኝ ሲጀምር ባርኔጣዬን አንሥቼ ወጣሁ።

ሰኞ በጠዋት ፊስክ ግቢ ሄድኩ። ይቅርታ ልጠይቅ አልሄድኩም። እኔ የከተብኩትን አንድ በአንድ አውቀዋለሁ፤ ሁሉም መምጣቱን ለማየት ነው የሄድኩት። ያልመጣውን ቤቱ ድረስ ሄጄ እየነዳሁ አመጣሁ። አንዳንዱ ሰደበኝ፣ ግን መጣ። ፊስክ ብቻውን ነበር፤ ልጆቹ ይወራጩበታል። አይቶኝ ‘ክንዳቸውን ቢይዙልኝ’ አለኝ፤ በዚያ በለሰለሰ ድምፁ፣ የዶሮዎቹን ጤና እንደሚጠይቅ። ያዝኩለት። እናቶቹ እያለፉ እሱን አመሰገኑት፤ እኔ ምሰሶ እንደሆንኩ ሁሉ።

ከዚያ የፔክ ተራ ደረሰ። ትንሹን ወንድ ልጁን ታቅፎ ነበር። እጄን ስዘረጋ ‘አንተ እንዳትነካው’ አለኝ። ጮክ ብሎ አላለውም። እጄን መለስኩ፤ ልክ ነበር። ወደ ጓሮ ልወጣ ዞርኩ።

ፊስክ ምላጩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

‘አቶ ፔክ፣ ዶክተር ስታድሊ ካልያዙልኝ አልከትብም’ አለ።

ፔክ ልጁን አቅፎ ቆመ፤ የሚሄድ መሰለኝ፤ ቢሄድ በወደድኩ። ከዚያ ፊቴን ሳያይ አቀበለኝ።

ልሙኤል፣ የፔክን ቃል ችዬው ነበር። ውርደቱ የእኔ ነበርና ማንም አይወስድብኝም ብዬ ይዤው ልሄድ ነበር። ያ ፊስክ ግን እሱንም ቀማኝ። በሰው ሁሉ ፊት ይቅር ያለኝ የመጀመሪያው ሰው እሱ ሆነ። ፊቱን አየሁት፤ ኩራት ቢያሳይ ኖሮ ቀላል ነበር፤ ምንም የለበትም፤ የትንሹን ልጅ ክንድ ብቻ ያያል። እኔም ክንዱን እንዳይወራጭ አጥብቄ ያዝኩ፤ ምላጩ ገባ።

በሽተኞቼን መውሰዱን ትቼዋለሁ። ያንን ወረቀቱንም፣ ጓንቱንም። ይህን ግን ይቅር የምለው አይመስለኝም።

ነገ የሚከተቡት የማዶ መንደር ልጆች ናቸው፣ ወፍጮ ቤቱ ጋ። ከእሱ ቀድሜ እደርሳለሁ።

አሣሄል